የብስክሌትን ጎማ በኤሌክትሪክ መንፊያ ስለ መሙላት

መግቢያ

ሐይቅ ከጥንት ጀምሮ የትምህርት አገር ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው መጻሕፍትን ያስተምሩ ነበር። ስለዚህ በዚህ አገር የሚያስተምር መምህር፥ አዲስ ዕቃ በመጣ ጊዜ «ይህ ምንድን ነው? እንዴት ይሠራል? ጥቅሙና ጕዳቱስ ምንድን ነው?» ብሎ መርምሮ ለልጆች ቢያስረዳ የቀደሙትን አባቶች ፈለግ መከተሉ ነው።

በዚህ ዘመን ወደ ገበያ ከገቡት ዕቃዎች አንዱ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ጎማ መንፊያ ነው። በውስጡ ባትሪ አለው፤ በትንሽ ከረጢት ይያዛል፤ ቍልፉ በተጫነ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የብስክሌትን ጎማ ይሞላል። ክንድ ስለማያደክም ሰው ሁሉ ይወደዋል። ነገር ግን ብዙ ሰዎች መሣሪያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለ ሆነ የሚበቃውን መጠን ራሱ የሚያውቅ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። መሣሪያው የሚተካው ክንድን ብቻ ነው፤ ዐይንንና ልቡናን አይተካም። ስንት መሙላት እንደሚገባ የሚያዝዘው ሰው ነው፤ መሣሪያውም የታዘዘውን፥ ደግ ቢሆን ክፉ፥ ይፈጽማል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለውም ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

ጎማ ያለ መጠን ቢሞላ ይፈነዳል፤ ጎድሎ ቢቀር ደግሞ ከድንጋይ ጋር በተጋጨ ጊዜ ይበሳል። ከደሴ ወደ ሐይቅ ቍልቍለቱን በሚወርድ ሰው ላይ ይህ ቢደርስበት የሚጐዳው ጎማው ብቻ አይደለም፤ ሰውየውም አጥንቱን ይሰበራል፥ ነፍሱንም ያጣል። ስለዚህ ትምህርቱ ትንሽ ቢመስልም ቍም ነገር ነው።

1ኛ. አየር የተሞላ ጎማ እንዴት እንደ ተጀመረ

በመጀመሪያ የተሠሩት ብስክሌቶች መንኰራኵራቸው በብረት፥ ኋላም በድፍን ጎማ የተለበጠ ነበር። ከዚህም የተነሣ ድንጋይ በበዛበት መንገድ የሚሄድባቸውን ሰው እጅግ ያንገላቱ ነበር። በ1838 ዓ.ም. ሮበርት ቶምሰን የተባለ የስኮትላንድ ሰው በውስጡ አየር የተሞላ ጎማ አስቦ የፈጠራ መብት አገኘ። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ብስክሌት ገና ስላልተስፋፋ ነገሩ ተረስቶ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ጆን ዳንሎፕ የተባለ፥ በአየርላንድ በቤልፋስት ከተማ የሚኖር የእንስሳት ሐኪም፥ የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እንዳያንገላታው ብሎ ሥሥ ጎማ እንደ ቧንቧ አድርጎ አየር ሞላበት። ልጁም ከድፍን ጎማ ይልቅ በፍጥነትና በምቾት ሄደ። ለዳንሎፕም በኅዳር ወር 1881 ዓ.ም. የፈጠራው መብት ተሰጠው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 25 ቀን በአምባሰል ውስጥ በምትገኘው በውጫሌ፥ በምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል የውጫሌ ውል ተፈርሟል። ተማሪው ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ቢያጠና ዓመቱን አይረሳውም።

ብስክሌት በኢትዮጵያም ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከሯጮች ጋር የብስክሌት ተወዳዳሪዎችን ልካ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፥ በቱር ደ ፍራንስ፥ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በአማራ ክልልም የባሕር ዳር ከተማ ምድሯ ሜዳ ስለ ሆነ ብዙ ሰው በብስክሌት መሄዱ የታወቀ ነው። ሐይቅና አምባሰል ግን ዐቀበትና ቍልቍለት የበዛባቸው አገሮች ስለ ሆኑ በዚህ አካባቢ የጎማ ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

2ኛ. ጎማ ሰውን የሚሸከመው በምንድን ነው?

አቁማዳ እህል በሞላ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በጎደለ ጊዜ ግን ይታጠፋል። የሁለቱም ቆዳ አንድ ነው፤ የሚለያያቸው በውስጣቸው ያለው ነገር ነው። የብስክሌት ጎማም እንዲሁ ነው። ጎማው አየሩን ይዞ ይጠብቃል እንጂ ክብደቱን የሚሸከመው በውስጡ የታመቀው አየር ነው። ይህ አየር የጎማውን ግድግዳ ወደ ውጭ የሚገፋበት ኀይል ግፊት ይባላል።

ግፊት ከሚለካባቸው መለኪያዎች አንዱ ባር ነው። 1 ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ክብደት የሚጫን ግፊት ነው። ይህን ያወቀ ተማሪ የሚከተለውን ሒሳብ መሥራት ይችላል።

አንድ ሰው 60 ኪሎ፥ ብስክሌቱ 15 ኪሎ ቢመዝን፥ ድምሩ 75 ኪሎ ይሆናል። የኋላው ጎማ ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ስለሚሸከም 45 ኪሎ ለኋላው፥ 30 ኪሎ ለፊተኛው ይሁን። የሁለቱም ጎማ ግፊት 3 ባር ቢሆን፥ የኋላው ጎማ መሬቱን የሚነካበት ስፋት 45 ለ3 ተካፍሎ 15 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። የፊተኛውም 10 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የጎማው ቆዳ ራሱ ጥቂት ስለሚደግፍ ሒሳቡ ልክ በልክ ባይሆንም ለእውነት የቀረበ ነው። እንግዲህ ሰውየው ከነብስክሌቱ የተቀመጠው ከእጅ መዳፍ በሚያንስ ስፋት ላይ ነው ማለት ነው።

ግፊቱ ወደ 1 ባር ተኩል ቢወርድ ግን የኋላው ጎማ መሬት የሚነካበት ስፋት ወደ 30 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ጎማው ይተኛል፤ ብስክሌቱም ይከብዳል። ድንጋይ ባገኘ ጊዜ የውስጡ ጎማ በድንጋዩና በመንኰራኵሩ ብረት መካከል ተጨፍልቆ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ይወጡበታል። እንዲህ ያለ ጥንድ ቀዳዳ የታየበት ጎማ የእሾህ ሥራ ሳይሆን የግፊት ማነስ ምልክት ነው። ባለ ብስክሌቱ እሾህ ሲፈልግ ከመዋል ግፊቱን ቢመረምር ይሻለዋል።

ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ጎማው እንደ ድንጋይ ይደርቃል። በጠጠር ላይ ይዘላል፤ መሬቱን በደንብ ስለማይቈነጥጥ በቍልቍለት ይንሸራተታል። ከዚያም ካለፈ የውጩ ጎማ ጠርዝ ከመንኰራኵሩ ብረት ይወጣና የውስጡ ጎማ ይፈነዳል።

3ኛ. መንፊያ እንዴት ይሠራል?

የመንፊያን ሥራ ለልጆች ለማስረዳት ከአንጥረኛው ወናፍ የተሻለ ምሳሌ የለም። አንጥረኛው የወናፉን አፍ ከፍቶ ወደ ላይ ሲስበው አየር ይገባል፤ አፉን ዘግቶ ሲጫነው አየሩ በቧንቧው ወጥቶ ከሰሉን ያቀጣጥላል። የእጅ መንፊያም እንዲሁ ነው፤ በቆዳው ፈንታ ቧንቧ፥ በእጁ ፈንታ በቧንቧው ውስጥ የሚመላለስ መግፊያ አለው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ወናፍ የገፋውን አየር አይዝም፥ ጎማ ግን ቫልቭ የሚባል አየር አስገብቶ መልሶ የማያስወጣ አፍ ስላለው የተገፋው አየር በውስጡ እየተጠራቀመ ይታመቃል።

በኤሌክትሪክ መንፊያ ውስጥ ደግሞ ባትሪው ትንሽ ሞተር ያዞራል፤ ሞተሩም አንድ አጭር መግፊያ በፍጥነት ያመላልሳል። አንዱ ግፊያ የሚያስገባው አየር እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስ ጎማው ይሞላል። ግፊቱን የሚለካ መሣሪያም አለው፤ ብዙዎቹ የታዘዘው ቍጥር ላይ ሲደርሱ ራሳቸው ይቆማሉ።

አየር በታመቀ ጊዜ ይሞቃል። በእጅ መንፊያ የነፋ ሰው የመንፊያውን ጫፍ ቢዳስስ ይህን ያውቃል። በኤሌክትሪክ መንፊያ ሙቀቱ የበለጠ ስለ ሆነ ከጎማው ጋር የሚገናኘው ብረት እጅ እስኪያቃጥል ድረስ ይግላል። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ ልጆች ያን ብረት በባዶ እጅ እንዳይዙ መንገር ያስፈልጋል።

4ኛ. የአገሩ ከፍታ የሚያመጣው ልዩነት

አየር ክብደት አለው። ሰው ወደ ከፍታ በወጣ መጠን በላዩ ያለው አየር እያነሰ ስለሚሄድ አየሩ እየሣሣ ይሄዳል። በባሕር ጠለል ላይ ባለ አገር የአየሩ ግፊት 1 ባር ከጥቂት ነው። ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ የሚቀርብ ስለ ሆነ በዚያ የአየሩ ግፊት 0.8 ባር ያህል ነው። ደሴ ከሐይቅ ስለሚበልጥ ግፊቱ ከዚህም ያንሳል።

ከዚህ የሚገኘውን ትምህርት በሒሳብ ማየት ይቻላል። በውስጡ 2 ሊትር የሚይዝ ጎማ ግፊቱ ከዜሮ ወደ 3 ባር እንዲደርስ ይፈለግ። 2 በ3 ሲባዛ 6 ይሆናል። ስለዚህ የውጩ አየር 1 ባር በሆነበት አገር ከውጭ 6 ሊትር አየር ማስገባት ይበቃል። በሐይቅ ግን 6 ለ0.8 ተካፍሎ 7 ሊትር ተኩል ያስፈልጋል። በአንድ ግፊያ አንድ ዐሥረኛ ሊትር የሚያስገባ የእጅ መንፊያ ቢኖር፥ በባሕር ጠለል 60 ጊዜ የሚበቃው በሐይቅ 75 ጊዜ መገፋት አለበት ማለት ነው። በእውነተኛው ሥራ ከዚህ ጥቂት ይጨምራል፤ ከመንፊያው ውስጥ ሳይወጣ የሚቀር አየር አለና።

የኤሌክትሪክ መንፊያም ከዚህ ሕግ አይወጣም። በቈላ አገር የሚፈጅበት ጊዜ በወሎ ደጋ ይረዝማል፤ በረዘመም መጠን ይሞቃል፥ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ አንድ ሰው መንፊያው «ዘገየ» ብሎ ተበላሽቷል ብሎ አይፍረድበት፤ የአገሩን ከፍታ ያስብ።

ጎማው አንድ ጊዜ ከተሞላ በኋላ ግን ከሐይቅ ወደ ደሴ በመውጣት የሚመጣው ለውጥ ከ0.1 ባር በታች ስለ ሆነ ከቍጥር አይገባም። ይልቅስ የሚያስፈልገው የሙቀትን ነገር ማሰብ ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በሆነበት ማለዳ 3 ባር የተሞላ ጎማ፥ ቀትር ላይ 30 ዲግሪ ሲሆን ወደ 3.3 ባር ይጠጋል። ጎማው ጥቁር ስለ ሆነ በፀሐይ ላይ ቢቆም ከዚህም የበለጠ ይሞቃል። ስለዚህ ማለዳ እስከ መጨረሻው ልክ ሞልቶ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ማቆም አይገባም።

5ኛ. ቍጥሩን ስለ ማንበብ

በኤሌክትሪክ መንፊያ መስኮት ላይ የሚታየው ቍጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ከአጠገቡ የመለኪያው ስም ተጽፏል፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ ባር፥ አንዳንድ ጊዜ ፒ.ኤስ.አይ.፥ አንዳንድ ጊዜም ኪሎፓስካል ነው። ፒ.ኤስ.አይ. ማለት በአንድ ካሬ ኢንች ላይ ስንት ፓውንድ እንደሚጫን የሚለካበት የእንግሊዞች መለኪያ ነው። ግንኙነታቸውም እንዲህ ነው፤

1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ወይም 100 ኪሎፓስካል ነው።
2 ባር 29 ፒ.ኤስ.አይ. ወይም 200 ኪሎፓስካል ነው።
3 ባር 43.5 ፒ.ኤስ.አይ. ወይም 300 ኪሎፓስካል ነው።
4 ባር 58 ፒ.ኤስ.አይ. ወይም 400 ኪሎፓስካል ነው።

አንድ ሰው በጎማው ላይ «300 ኪሎፓስካል» የሚለውን አይቶ፥ መንፊያው ግን በፒ.ኤስ.አይ. ሲቈጥር 300 ብሎ ሊያዝዘው ቢሞክር፥ መሣሪያው የሚችለውን ያህል ይነፋል እንጂ አይቆምም፤ ጎማውም ይፈነዳል። በሌላ በኩል 45 ፒ.ኤስ.አይ. የሚፈልገውን ጎማ በኪሎፓስካል 45 ብሎ ያዘዘ ሰው ጎማውን ባዶ ሊባል በሚችል ግፊት ይዞ ይነሣል። የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛውና በኢጣልያንኛው ልዩ ልዩ ሆኖ በመገኘቱ ጠብ ተነሥቶ በ1888 ዓ.ም. እስከ ዐድዋ ጦርነት መድረሱን የአምባሰል ሽማግሌዎች ያውቁታል። ቃል በሁለት ቋንቋ ሲጻፍ አንድ መሆኑን መርምሮ መፈረም እንደሚገባ፥ ቍጥርም በየትኛው መለኪያ እንደ ተጻፈ ሳይመረምሩ ቍልፉን መጫን አይገባም።

ለጎማው የሚገባው መጠን ከውጩ ጎማ ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሊታለፍ የማይገባው ከፍተኛ ልክ ነው፤ አንዳንዱ ዝቅተኛውንም ይጨምራል። ጽሑፉ ጠፍቶ እንደ ሆነ የሚከተለው ለግምት ይረዳል። ወፍራምና ጥርስ ያለው የገጠር መንገድ ጎማ ከ2 እስከ 3 ባር ተኩል፥ መካከለኛው የከተማ ጎማ ከ3 እስከ 4 ባር ተኩል፥ ቀጭኑ የውድድር ጎማ ከ5 ባር ተኩል እስከ 8 ባር ይሞላል። ክብደቱ ቀላል የሆነ ልጅ ከዝቅተኛው ወገን፥ ጭነት የሚጭን ሰው ከከፍተኛው ወገን ይውሰድ። የኋላው ጎማ ከፊተኛው ጥቂት ቢበልጥ መልካም ነው። መንፊያው ለመኪናና ለኳስ የተዘጋጁ ትእዛዞች ቢኖሩት፥ ለብስክሌት የተዘጋጀውን መምረጥ እንዳይረሳ።

6ኛ. የቫልቭ ዐይነቶች

የብስክሌት ጎማ አየር የሚገባበት አፍ ሦስት ዐይነት ነው።

የመጀመሪያው ወፍራምና እንደ መኪና ጎማ ያለ ነው። በውስጡ ሽቦ አለው፤ መንፊያው ሲገጠምበት ሽቦው ተጭኖ ይከፈታል።

ሁለተኛው ፕሬስታ የሚባለው ቀጭን ነው። በጫፉ ላይ ያለች ትንሽ ብሎን አስቀድማ ካልላላች አየር አይገባም። የመንፊያው ብረትም ለዚህ የሚሆን ትንሽ መግጠሚያ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ዳንሎፕ የሚባለው፥ በብዙ አሮጌ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ነው። ለፕሬስታ የሚሆነው መግጠሚያ ለዚህም ይሆናል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ትንሽ የላስቲክ እጅጌ ራሱ ስለሚከላከል መንፊያው የሚያሳየው ቍጥር ከጎማው እውነተኛ ግፊት ይበልጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቫልቭ ያለው ሰው ቍጥሩን ብቻ አይመን፤ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ ይፈትነው፥ ተቀምጦበትም ምን ያህል እንደሚተኛ ይመልከት።

7ኛ. የአሞላል ሥርዐት

1. ጎማው እሾህና ጠጠር እንዳልያዘ ዙሪያውን በዐይን መመርመር። የግራር እሾህ በጎማው ውስጥ ተሰክቶ ሳለ አየር መሙላት ከንቱ ድካም ነው።

2. የቫልቩን ክዳን ፈትቶ አቧራውን በጨርቅ መጥረግ። አቧራ ወደ ውስጥ ከገባ ቫልቩ አልዘጋ ይላል።

3. በጎማው ጎን የተጻፈውን ልክ ማንበብ፤ መንፊያውንም በዚያው መለኪያ ማዘጋጀት።

4. መንፊያውን አጥብቆ መግጠም። «ፍስ» የሚል ድምፅ ከተሰማ አልገጠመም ማለት ነው።

5. መጀመሪያ በግማሽ ልክ ሞልቶ ማቆም፤ የውጩ ጎማ ጠርዝ ዙሪያውን በእኩል መቀመጡን መመልከት። አንዱ ወገን አብጦ ከታየ አየሩን አስወጥቶ ጎማውን አስተካክሎ እንደ ገና መጀመር።

6. እስከ ልኩ መሙላት። መሣሪያው ራሱ የሚቆም ቢሆንም እንኳ የሚሞላው ሰው ከአጠገቡ አይለይ፤ ፊቱንም ወደ ጎማው አያስጠጋ።

7. ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ሲሻገር መንፊያውን ማሳረፍ። ያለ ዕረፍት ስንት ደቂቃ መሥራት እንደሚችል ከዕቃው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

8. መንፊያውን ነቅሎ ክዳኑን መመለስ።

ጎማው ተሞልቶ በማግሥቱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የመንፊያው አይደለም፤ ጎማው ተበስቷል። የውስጡን ጎማ አውጥቶ ጥቂት አየር ሞልቶ በውሃ ውስጥ ቢያጠልቁት አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳውን ያሳያል። ከዚያ በኋላ መለጠፍ ወይም ወደ ጎሚስታ መውሰድ ነው። መንፊያ አየር ይሰጣል እንጂ ቍስል አይፈውስም።

8ኛ. ባትሪውን ስለ መጠበቅ

የእነዚህ መንፊያዎች ባትሪ ብዙ ጊዜ ሊቲየም ከሚባል ማዕድን ጋር የተሠራ ነው። በትንሽ ቦታ ብዙ ኀይል ስለሚይዝ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ቢጐዳ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ በፀሐይ ላይ ወይም ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፤ በውሃ አይነከር፤ ሰው ተኝቶ ሳለ፥ ወይም ከድርቆሽና ከሣር ክዳን አጠገብ ኤሌክትሪክ አይሞላ። ባትሪው ካበጠ ወይም የመቃጠል ሽታ ከሸተተ ወዲያውኑ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ከቤት ማውጣት ይገባል። ልጆችም ሊፈቱት አይሞክሩ።

ብዙዎቹ መንፊያዎች በእጅ ስልክ ቻርጀር ይሞላሉ። መብራት በሌለበት ቀበሌ፥ ስልክ በሚሞላ ሶላር መሙላት ይቻላል፤ የሚፈጀው ጊዜ ግን ይረዝማል። ዕቃው ለብዙ ጊዜ ሥራ ሳይሠራ የሚቀመጥ ከሆነ ባትሪው ፈጽሞ እንዳይደርቅ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መሙላት ይበጃል።

9ኛ. ለሽማግሌዎችና ለወላጆች የሚሆን ምክር

የትምህርት ቤት ሽማግሌዎች «ለልጆቹ የትኛው ይገዛ?» ብለው ሊመካከሩ ይችላሉ። መልሱ እንደ አገሩ ነው። የእጅ መንፊያ መብራት አይጠይቅም፤ ቢበላሽም በመንደር ይጠገናል። የኤሌክትሪኩ መንፊያ ደግሞ ለደካማ ሰውና ለትንሽ ልጅ ይረዳል፤ ግፊቱንም በቍጥር ያሳያል። ይህ ሁለተኛው ጥቅሙ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ በግምት ይደረግ የነበረውን በልክ ለማድረግ ያስችላልና።

ይሁን እንጂ አዲሱ ስለ መጣ አሮጌው አይጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ በደረሰ ጊዜ መብራት ተቋርጦ ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሥራ ፈትቶ እንደ ነበር የአገሩ ሰው ያስታውሳል። በዚያ ጊዜ የእጅ መንፊያ ያለው ሰው ከመንገዱ አልቀረም። ሁለቱንም መግዛት የማይቻል ከሆነ፥ አንድ የእጅ መንፊያና አንድ ትንሽ የግፊት መለኪያ ከአንድ ያልተጠና የኤሌክትሪክ መንፊያ ይሻላሉ። የኤሌክትሪኩ ከተገዛም አንድ ሰው ኀላፊ ሆኖ ይጠብቀው፤ የሚሞላበትን ቀንና የሚያዝበትን ቦታ ይወስን።

ለመምህሩ፤ በክፍል የሚደረግ ሙከራ

መምህሩ አራት ማዕዘን ሣጥኖች የተሠመሩበት የሒሳብ ደብተር ወረቀት ያዘጋጅ። የብስክሌቱን የኋላ ጎማ በከሰል ዱቄት ይቀባ፤ ወረቀቱንም ከጎማው በታች ያኑር። ሁለት ልጆች ብስክሌቱን ደግፈው ሲይዙ ሌላ ልጅ ይቀመጥበት፤ ከዚያም ወርዶ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ይነሣ። በወረቀቱ ላይ የጎማው ጥቁር አሻራ ይቀራል። ልጆቹ አሻራው ስንት ካሬ ሳንቲ ሜትር እንደ ሆነ ሣጥኖቹን ቈጥረው ይወቁ። ቀጥሎም ጎማው ጥቂት አየር ተቀንሶለት፥ ያው ልጅ ተቀምጦ፥ በሌላ ወረቀት ይደገም። ሁለተኛው አሻራ ከመጀመሪያው ይሰፋል። ስለ ግፊት በቃል ብዙ ከመናገር ይልቅ እነዚህ ሁለት ወረቀቶች በክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ ልጆቹ ነገሩን አይረሱትም።

ጥያቄዎች

1. አንድ ሰው ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ ይመዝናል። የኋላው ጎማ 48፥ የፊተኛው 32 ኪሎ ቢሸከም፥ ግፊቱም 4 ባር ቢሆን፥ እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ስፋት ስንት ነው? (መልስ፤ የኋላው 12፥ የፊተኛው 8 ካሬ ሳንቲ ሜትር።)

2. 2 ባር ተኩል ስንት ፒ.ኤስ.አይ.፥ ስንትስ ኪሎፓስካል ነው? (መልስ፤ 36.25 ፒ.ኤስ.አይ.፥ 250 ኪሎፓስካል።)

3. 2 ሊትር የሚይዝ ባዶ ጎማ 4 ባር እንዲደርስ በሐይቅ ስንት ሊትር የውጭ አየር ይፈልጋል? (መልስ፤ 10 ሊትር።)

4. ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች በውስጡ ጎማ ላይ ቢገኙ ምክንያቱ ምንድን ነው?

5. የኤሌክትሪክ መንፊያ በራሱ የሚቆም ከሆነ ሰው ከአጠገቡ መለየት የማይገባው ስለ ምንድን ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች በትክክል የመለሰ ተማሪ፥ መንፊያው በእጁ ባይኖርም እንኳ ዕውቀቱ በእጁ ነው። መንፊያውም በእጁ በገባ ጊዜ ያዝዘዋል እንጂ አይታዘዝለትም።